ሊቀ ስጋት ዘርአብሩክ

በሆሳዕና ያለ ግብረ ሰናይ ድርጅት መኪና ሊያጣ ይችላል፤ ፈሪ ግን አያጣም። ፈሪው ፕሮፖዛል ጸሐፊው ነው። ሌላው ሠራተኛ ስለሚገነባው ነገር ሲያልም፣ እሱ የሚፈርስበትን መንገድ ይቆጥራል።

ወይንሸት በምትሠራበት ቢሮ ይህን ማዕረግ የያዙት አቶ ዘርአብሩክ ናቸው። ባልደረቦቻቸው በሌሉበት «ሊቀ ስጋት» ይሏቸዋል። በስብሰባ በሩ አጠገብ ይቀመጣሉ። አንዱን ጽሑፍ በሦስት ፍላሽ ይገለብጡታል፤ አንዱ ኪሳቸው፣ አንዱ መሳቢያቸው ውስጥ፣ ሦስተኛው ቤታቸው በበርበሬ ቆርቆሮ ውስጥ ያድራል። ሰው ሁሉ በአንድ ሐሳብ ሲስማማ መነጽራቸውን አውልቀው «ባይሆንስ?» ይላሉ።

ለጃጁራ ሴቶች ዶሮ ለማከፋፈል በታቀደ ጊዜ፣ በስጋት ሠንጠረዡ ላይ «ዶሮዎቹ በፋሲካ ዋዜማ ቢደርሱስ?» ብለው ጻፉ። ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። ዶሮዎቹ በፋሲካ ዋዜማ ደረሱ። ለሪፖርቱ ፎቶ የተረፉት አሥራ አንድ ነበሩ።

ወይንሸት ከሳቂዎቹ አንዷ ነበረች። ዘንድሮ ግን ሳቋ ጠፍቷል። ኮንትራቷ ሰኔ ሠላሳ ያልቃል፤ የሚታደሰው በዶዮገና አቅራቢያ ያለውን ምንጭ ለማጎልበት የተጻፈው ፕሮፖዛል ካለፈ ብቻ ነው። ለጋሹ ደግሞ ቢያንስ አምስት መቶ አባወራ ይፈልጋል። እሷው ራሷ ቀበሌው ድረስ ሄዳ፣ የሦስቱን እድሮች መዝገብ ደምራ፣ ስድስት መቶ አርባ አባወራ ይዛ ተመልሳለች።

የማስገቢያው ቀን፣ ሰዓቱ ሊያበቃ ሁለት ሰዓት ሲቀረው፣ አቶ ዘርአብሩክ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ወይንዬ፣ አንድ ሰው ሁለት እድር ገብቶ ቢሆንስ?»

ወይንሸት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ለምን ብሎ ሁለት ይገባል ጋሼ?»

«እኔ ሦስት ገብቻለሁ» አሉ። «አንዱ ቢፈርስስ ብዬ።»

ከእድሮቹ ጸሐፊዎች ለአንዱ፣ ለአቶ ጥላዬ፣ ደወለች። እሳቸው ጥያቄው ራሱ ገረማቸው። «በአንድ እድር ብቻ ማን ይሞታል፣ ልጄ? ለቀብር ሰው ቢያንስስ?»

መዝገቦቹን በስልኳ ፎቶ አንስታቸው ነበር። ሁለቱ ስም በስም እያስተያዩ፣ የተደገመውን እየሰረዙ ወረዱ። አንድ ስም በተሰረዘ ቁጥር ከወይንሸት ኮንትራት አንድ ቀን የሚቀነስ ይመስላት ነበር። መጨረሻ ላይ አራት መቶ አሥራ ሁለት ቀረ።

ሃያ ደቂቃ ሲቀር ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ ሃቢባ በሩ ላይ ቆሙ። ነገሩ ተነገራቸው።

«መዝገብ አለን፤ ድምሩም ልክ ነው» አሉ። «ዶዮገና ድረስ መጥቶ ማን ይቆጥራል?»

ወይንሸት ቀና ብላ አላየቻቸውም። አቶ ዘርአብሩክ «ትክክል ነው» እንዲሉላት ተመኘች። የቤት ኪራዩ፣ የእህቷ የኮሌጅ ክፍያ፣ ሁሉም በሐሳቧ ተሰለፉ።

«ቢቆጥሩ እፈራለሁ» አሉ አቶ ዘርአብሩክ። «ባይቆጥሩ ደግሞ የባሰ እፈራለሁ።»

«አቶ ዘርአብሩክ፣ ይህቺን ልጅስ አስበዋታል?»

«ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ከእሷ ሌላ ያሰብኩት የለም።» ወይንሸት ቀበሌው ሄዳ ቁጥሩን የሞላችበትን የመስክ ቅጽ ወደ ሥራ አስኪያጇ ገፋ አደረጉት። «እዚህ ላይ የፈረመው ማን ነው? የእኔ ስም የለም፣ የእርስዎም የለም። አንድ ቀን ቆጣሪ ቢመጣ የሚጠራው የእሷ ስም ነው።»

ወይንሸት ፊርማዋን አየችው። የተጣደፈ ፊርማ ነበር፤ መኪና ሊያመልጣት ሲል የተፈረመ። ሽማግሌው ስንት ጊዜ ገልጠው እንዳዩት የወረቀቱ መታጠፊያ ይናገር ነበር።

ወንበሯን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠግታ ከፕሮፖዛሉ ላይ ስድስት መቶ አርባውን አጠፋችና በራሷ እጅ አራት መቶ አሥራ ሁለት ብላ ጻፈች። ወይዘሮ ሃቢባ በሩን ዘግተው ወጡ። ሊያበቃ አራት ደቂቃ ሲቀረው አቶ ዘርአብሩክ ዓይናቸውን ጨፍነው መላኪያውን ተጫኑ።

«ሄደ?»

«ሄዷል ጋሼ።»

«ባይሄድስ?»

ሌላ ቀን ቢሆን ይህን ለባልደረቦቿ ወስዳ ትስቅበት ነበር። አሁን ግን የተላኩትን መልእክቶች ከፍታ አየች። ሄዷል። ዘጋችው። ትንሽ ቆይታ፣ አቶ ዘርአብሩክ ሳይጠይቋት፣ እንደገና ከፍታ አየች።