አገልጋይ የማያስፈልገው ሳጥን

ሰው ሲያረጅ የሚፈራው ሞትን ነው ይላሉ። ሐሰት ነው። የሚፈራው «ከእንግዲህ ይረፉ» መባልን ነው። አንቱ እየተባሉ ከሥራ እንደመባረር ያለ ምን ክፉ ነገር አለ?

እኔ አምበር ከተማ አጠገብ የማኅበራችንን የዘር ድንች መጋዘን እጠብቃለሁ። ጧትና ማታ ክንዴን ክምሩ ውስጥ እሰዳለሁ፤ ከሞቀ መስኮት እከፍታለሁ። ካልተከፈተ ዘሩ ይበሰብሳል። ጥበቤ ይኸው ነው፤ ትልቅ አይደለም፣ ግን እንጀራዬ ነው።

በታኅሣሥ ሰብለ የምትባል ኮምፒውተር የተማረች ልጅ ከደብረ ማርቆስ መጣች። ሳሙና የምታክል ሳጥን ክምሩ ላይ አስቀመጠች። ሳጥኑ ሙቀቱን እየለካ ወደ ደመና ይልካል፣ ደመናው ደግሞ ስልክ ይደውላል አለች። በታኅሣሥ ምን ደመና አለ? 

ሊቀመንበራችን ስመኘው ሰርቨሩን የት እናስቀምጠው ቢላት፣ ይሄ ያለ ሰርቨር የሚሠራ ነው አለችው። ሰርቨር ምንድን ነው አልኋት። «በአማርኛው አገልጋይ ማለት ነው፣ አባባ» አለችኝ። ያለ አገልጋይ! በዚያ መጋዘን ከእኔ በቀር ምን አገልጋይ አለ? ስመኘው እኔን አየ፤ እኔ ድንቹን አየሁ።

ከዚያ ሙከራ መጣ። ሰብለ ሳጥኑን እፍ እፍ ብትለው፣ ይደወልለታል የተባለው የስመኘው ስልክ ጭጭ። ኮምፒውተሯን እየነካካች «አባባ፣ እስቲ እርስዎ ያሙቁልኝ» አለች። እንግዲህ ተተኪዬን በገዛ ብብቴ ታቀፍሁት። ብጥለውስ ብዬ አላሰብሁም አልልም። ጥቂት ቆይቶ የስመኘው ስልክ ጮኸ። «አያ ዳምጤ፣ ድንቹን በብብትዎ ቀቀሉት እኮ!» ብሎ ሳቀብኝ።

ሳጥኑን መልሼ ዱላዬን አነሣሁ። ወዴት ነው ቢለኝ፣ ያለ አገልጋይ ይሠራል ተብሏል፣ በሉ ደህና ሁኑ አልሁት። ሰብለ አፏን ይዛ ሳቀች። አገልጋይ ያልሁት ኮምፒውተሩን ነው፣ እናንተ የምትገዙትና የምትጠብቁት ኮምፒውተር የለም ማለቴ ነው፤ ደመና ያልሁትም በኢንተርኔት የሚሠራ የሩቅ ኮምፒውተር ነው አለች። ደመናው ሞቀ ብሎ ይናገራል እንጂ መስኮት አይከፍት፤ እርስዎ ከሄዱ ማን ሊከፍት ነው? ብላ የእኔን ቁጥር ከስመኘው ቁጥር አስቀድማ አስገባችው።

ይኸው አሁን ክምሩ ለብ ባለ ቁጥር ስልኬ ይጮኻል፤ ለቅሶ ቤት ተቀምጬም ቢሆን፣ ምሳ ቀርቦልኝም ቢሆን። ሚስቴ ከሥራ አሳረፉህ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የምን ማረፍ! ድሮ ድንቹን የምጎበኘው እኔ ነበርሁ፤ ዛሬ ድንቹ ነው የሚያስጠራኝ።