ፊታውራሪ ሽቦ

ሌባ የሌለበት ሰፈር ይኖር ይሆናል፤ ሌባ ሲጠብቅ የሚውል ሰው የሌለበት ሰፈር ግን የለም። አሰላ ውስጥ፣ ከገበያው በላይ ባለው ሰፈር፣ ይህን ሹመት ይዘው የኖሩት ጡረተኛው አቶ አስናቀ ነበሩ። «ዘመኑ እኮ የሌባ ነው!» ይላሉ። ሰላምታቸውም ስንብታቸውም ይኸው ነው።

በቁልቋል አጥር ሲኖሩ ማንም አልተቀየማቸውም። በ1963 ዓ.ም. ግን ትራክተር ያመጡት ሰዎች እርሻቸውን በእሾህ ሽቦ ሲያጥሩ አዩና ልባቸው ሸፈተ። ቁልቋሉን ከሥሩ አስነቅለው አምስት ረድፍ ሽቦ ወጠሩ። አድረው አላመኑትምና ስድስተኛ ጨመሩበት። የሚጠበቀው ንብረት ሦስት እግር ጎመን፣ አፍርቶ የማያውቅ የኮክ ዛፍና ጎማ የሌለው ቢስክሌት ነበር። ሰፈሩም «ፊታውራሪ ሽቦ» ብሎ ማዕረግ ሰጣቸው።

ጎረቤታቸው ዙቤዳ ግን መሳቅ አልቻለችም። ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው ቡሬ የምትባል ላሟን ወተት እየሸጠች ነው። ወደ ምንጩ የምትወርደው በቁልቋሉ ቀዳዳ በኩል ነበር፤ አሁን እንስራ ተሸክማ መንገዱን ዞራ መሄድ ግድ ሆነባት። አንድ ቀን ሽቦው ሻሿን ቀደደው።

«ጋሼ አስናቀ፣ እኔ ሌባ ነኝ?»

«ሽቦ ሰው አይለይም» አሏት፤ ኮራ ብለው።

ብሶቱ ሞልቶ የፈሰሰው ቡሬ ጎመን ሸቷት አንገቷን ያስገባች ዕለት ነው። ስትደነግጥ ዘወር አለችና ሽቦው ታፋዋን ስንዝር ያህል ሰነጠቀው። በሦስተኛው ቀን ወተቷ ደረቀ። አቶ አስናቀ ያን ዕለት በዙቤዳ ጩኸት ሮጠው ሲደርሱ ላሚቱን ቀና ብለው አላዩም፤ ሽቦውን ነካ ነካ አደረጉና «ላልቷል» አሉ።

«ያ ረቢ! ለሽቦው ነው የመጡት?» ዙቤዳ በቀጥታ ሼህ ከዲሮ ዘንድ ሄደች። ሰፈሩን የሚዳኙት ሽማግሌ እሳቸው ናቸው።

«ላም እኮ ናት! ላም ትሰርቃለች?» አለች በሽማግሌው ፊት።

«ጎመን ካየች ትሰርቃለች» አሉ አቶ አስናቀ።

ሼህ ከዲሮ ጢማቸውን አሻሹና ፈረዱ፦ «አቶ አስናቀ፣ ቁስሉ እስኪድን ጠዋት ጠዋት ሄደው የሚያጥቡት እርስዎ ነዎት።»

በሽቦው በኩል ቢሆን ከግቢያቸው እስከ ቡሬ አሥር እርምጃ አይሞላም። በመጀመሪያው ቀን አቋርጣለሁ ሲሉ ካፖርታቸው በሽቦው ተይዞ ተንጠለጠሉ። ዙቤዳ ወገቧን ይዛ አየቻቸው።

«አየሽ?» አሉ ተንጠልጥለው፤ «ጠንካራ ነው!»

ከዚያ በኋላ የጨው ውሃ በማንቆርቆሪያ ይዘው፣ ጭቃውን እየረገጡ፣ እሷ እንስራ በምትሸከምበት መንገድ ዞረው ይመጡ ጀመር። ቅር ያላት ዙቤዳ በሥራቸው እንከን ፈለገች፤ አጣች። እጃቸው ቀስ ያለ ነው። ላሚቱ አማርኛ አትሰማም ብለው ይሁን፣ በተሰባበረ ኦሮምኛ ያባብሏታል። አንድ ጠዋት ዙቤዳ ሳቋ አመለጣትና በራሷ ተናደደች። ዝናብ ጥሎ የዘገዩ ዕለት ደግሞ በር ላይ ወጥታ መንገዱን እያየች መሆኗ ታወቃት። ይህም አናደዳት።

ሁለት ወር ሊሞላ ሲል ሼህ ከዲሮ በዚያ ሲያልፉ ዙቤዳ ግቢ ጎራ አሉ። የቡሬ ታፋ አዲስ ጠጉር አብቅሏል፤ ወተቷም ተመልሷል። አቶ አስናቀ ዱካ ላይ ተቀምጠው ከዚያው ወተት እየጠጡ ነበር።

«ቁስሉስ? ዳነ?» አሉ ሽማግሌው።

አቶ አስናቀ ፊታቸውን ኩባያው ውስጥ ቀበሩ። ዙቤዳ የቡሬን ገመድ ሳብ አድርጋ ታፋዋን ወደ ግድግዳው አዞረችው።

«ኧረ ገና ነው፣ ሼህ ከዲሮ» አለች። «ከውስጥ ያመረቅዛል።»