የማያብጠው ብረት

[እኩለ ቀን ነው፤ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ግቢው ውስጥ ያለችው መስኮት የለሽ ክፍል የብረት በሯ ተጣብቆ አልከፈት ብሏል። ውስጥ የቀረው፣ በማያውቀው ነገር ሁሉ አፉን ሞልቶ ስለሚናገር ሰፈሩ «ሊቁ» የሚለው ሰውዬ ነው። ውጭ የቆመው በሩን የሠራው በያጅ፣ የእህቱ ባል ነው። ሊቁ ውጭ ትቶት የገባውን ስልክ ይዟል።]

ሊቁ፦ ግፋው አልኩህ እኮ!

በያጁ፦ ገፋሁት ጋሼ።

ሊቁ፦ በትከሻህ!

በያጁ፦ በትከሻዬም ገፋሁት። ግን በየት በኩል ነበር የገባኸው?

ሊቁ፦ በበሩ ነዋ! በጣሪያ ልገባ ኖሯል? ወይ አምላኬ፣ እህቴን ለማን ነው የሰጠኋት!

በያጁ፦ ጠዋት ይከፈት ነበር ማለት ነው?

ሊቁ፦ ጠዋትማ ልክክ ብሎ ነው የተዘጋው። አንተ ዙሪያውን ትተኸው የሄድከውን ክፍተት ትናንት በሌላ በያጅ አስደፈንኩት። ሥራ ማለት እንደሱ ነው!

በያጁ፦ ክፍተቱ እኮ ለሙቀት ነው። ብረት ፀሐይ ሲመታው ያብጣል።

ሊቁ፦ ያብጣል? ምነው፣ ጥርሱን ታሞ ነው? የከፈልኩበትን ብረት ልትሰርቀኝ ነው የተውከው! ለሰፈሩም ይህንኑ ነግሬያለሁ።

በያጁ፦ አውቃለሁ። ከዚያ ወዲህ በር የሚያሠራኝ ሰው የለም። ወርክሾፑ ተዘግቶ ነው የሚውለው።

ሊቁ፦ የእጅህን ነው ያገኘኸው! አዲሱን ድልድይም ያንተ ቢጤዎች ናቸው የሠሩት። መሀሉ ላይ እጅ የሚያስገባ ክፍተት! ፎቶውን «ተሰነጠቀ» ብዬ ብለጥፈው አገር ተንጫጫ። መሐንዲሱ ደግሞ «ለሙቀት ነው» ብሎ ሊያርመኝ ይሞክራል። እኔን! ዛሬ በሬዲዮ አፋጥጠዋለሁ። ስንት ሰዓት ሆነ?

በያጁ፦ [ስልኩ ይጮኻል] ደወሉ መሰለኝ።

ሊቁ፦ አታንሳው! ኧረ አንሳው! በር አልከፈት አለው እንዳትል ብቻ!

በያጁ፦ [ያነሳል] ሃሎ! አዎ፣ አለ። ውስጥ ነው። በሩ አልከፈት ብሎት። የብረት ነው። አይ፣ ጠዋት ደህና ነበር፤ ክፍተቱን አስደፍኖት ነው። [ወደ በሩ] ጋሼ፣ በቀጥታ ስርጭት ላይ ነን!

ሊቁ፦ አፍህ ይዘጋ!

በያጁ፦ መሐንዲሱም አብሯቸው አለ። በሳቅ ሊሞት ነው።

ሊቁ፦ ምን ይላል?

በያጁ፦ «ብረት አያብጥም ካሉ በሩ ምን ሆኖ ነው?» ይልሃል።

ሊቁ፦ [በሩን ከውስጥ በትከሻው ይገፋል፤ ንቅንቅ አይልም።]

በያጁ፦ ጋሼ፣ አድማጭ እየጠበቀ ነው። ሙቀቱም እየባሰ ነው።

ሊቁ፦ [አፉን ቁልፉ ቀዳዳ ላይ ለጥፎ] እሺ! ያብጣል! ብረት ያብጣል! ድልድዩም አልተሰነጠቀም!

በያጁ፦ የበያጁስ ነገር?

ሊቁ፦ በያጁም አልሰረቀም! ተሳስቼ ነው! በል አውጣኝ፣ በላብ አለቅሁ!

በያጁ፦ [ስልኩን ይዘጋል። ከቧንቧው ውሃ እየቀዳ በሩ ላይ ደጋግሞ ይቸልሳል፤ ይጠብቃል፤ ይገፋል። በሩ ጓ ብሎ ይከፈታል።]

ሊቁ፦ [እየተንጠባጠበ] በውሃ? በውሃ ብቻ? ይህን መቼ አወቅክ?

በያጁ፦ ኧረ ድሮ። ሥራዬ አይደል እንዴ?

ሊቁ፦ ታዲያ አንድ ሰዓት ሙሉ እዚህ ተገትረህ ምን ትጠብቃለህ?

በያጁ፦ ሬዲዮው እስኪደውል።