ለራሴ ያስቀዳሁት ሙሾ

የዘንድሮ አልቃሽ ለሞተው ሁሉ አንዱን ግጥም ነው የምታወርደው። ስሙን ብቻ ትቀይራለች። እንዲህ ያለችው አልቅሳልኝ ልቀበር? እኔን እኮ ከሮብ ገበያ እስከ ደምበጫ ሰው በሞተ ቁጥር በፈረስ ሲያስመጡኝ ኖረዋል፤ ኋላም በባጃጅ።

ያ ሳያንስ እንቅርቴ ሊቆረጥ ሆነ። ሐኪሙ፣ ድምፅዎ ላይመለስ ይችላል አለኝ። እንግዲያው ሳይሄድ የራሴን ሙሾ ራሴ ላውርድ አልኩ። ደብረ ማርቆስ ኮምፒውተር የምታስተምረው ልጄ ስመኝ ልትቀዳኝ መጣች። ማይክ ይዛለች፣ አንዲት ትንሽ ሳጥንም ይዛለች። ሳውንድ ካርድ ናት አለች። ከውጭ በገመድ ትሰካለች፤ የማይኩን ድምፅ ለኮምፒውተሩ የምታደርሰው እሷ ናት።

አላደረሰችም። የስመኝ ኮምፒውተር የሚሠራው ሊኑክስ በሚሉት ነው። ነፃ ነው፣ ዓለም ተባብሮ የሠራው ነው፣ የፈለገ ከፍቶ ያስተካክለዋል ትለኛለች። የሁሉም የሆነችን ላም በክረምት ማን ያግዳታል? እንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይህ ነው። ሳጥኗ መብራቷን አብርታ ቁጭ ብላለች፣ ኮምፒውተሩ ግን አያናግራትም። ስመኝ የማታውቃቸው ሰዎች የጻፉትን ምክር ከስልኳ ስታነብ ዋለች። ለካ ድምፁን መንካት የሚችለው ኮምፒውተሩ ውስጥ «ኦዲዮ» በሚሉት ቡድን የተመዘገበ አባል ብቻ ነው፤ እሷ በገዛ ኮምፒውተሯ አባል አይደለችም። እድር በሉት። ያልገባ ሰው ማን ይደርስለታል? ራሷን አስገባች፣ ከኮምፒውተሩ ወጥታ ተመልሳ ገባች፣ ሠራ።

አወረድኩ።

ሲቆርስ ኖሮ ኖሮ ታጠፈና እጇ፣
ድሀ ምን ይበላል ቢመጣ ከደጇ።

አጥር የምትጋራኝ እናና ሙሾውን ሰምታ፣ ማን ሞተ እያለች ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባች። ለማን እንደማወርድ ሲገባት ቁጭ አለች። የሞተ ሲሞገስ ውሸት ነው የሚል የለም፤ ነውር ነው። እኔ ግን አልሞትኩም።

«ኧረ ወዲያ፣ የቱ እጅሽ ነው?» አለች። «ወንፊት አውሰሽኝ ዱቄቴን ነፍቼ ሳልጨርስ መጥተሽ የነጠቅሽኝ?»

ሳጥኗ ይህንንም ለቀመች።

በማግስቱ ተቆረጥኩ። ከጉሮሮዬ ከትንፋሽ በቀር የሚወጣ ጠፋ። ስመኝ፣ «እማዬ፣ የእትዬ እናናን ቆርጬ ላውጣው?» አለችኝ። ራሴን ነቀነቅኩ፣ አውጪው።

ስመኝ ሳታወጣው እናና ሞተች። ምንም ሳይላት፣ እንደተኛች። ልጆቿ የእናታቸው ድምፅ የትም የላቸውም፤ ከኔ ሙሾ ውስጥ በቀር። ሊለምኑኝ መጡ። ምን ብዬ ልከልክል?

ድንኳኑ ውስጥ በድምፅ ማጉያ ለቀቁት። የኔን ግጥም ለቀስተኛው ዝም ብሎ ሰማ። «ኧረ ወዲያ» ስትል ድንኳኑ በዋይታ ተናወጠ። ስለ ወንፊቱም አንድ በአንድ ሰሙ። እኔ በዚያች ቀን ወንፊቱን የወሰድኩት የራሴም ዱቄት ስላልተነፋ ነበር። ይህን ልናገር ተነስቼ አፌን ከፈትኩ። ድምፅ የለም።

ሐዘኑ አፍኗት ነው ብለው ግራና ቀኝ ደገፉኝ። ይምሰላቸው።