በጸሎት የሚቆጡት አማቴ

በዓለም ላይ ሁለት ዓይነት እናቶች አሉ፤ ፊት ለፊት የሚቆጡና በእግዚአብሔር በኩል የሚቆጡ። የመጀመሪያዎቹን ሰው ይችላቸዋል፤ ይከራከራል፣ ያኮርፋል፣ በሩን በርግዶ ይወጣል። ሁለተኛዎቹ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን ዘርግተው ነው የሚጀምሩት። መልስ ልስጥ ብትል ጸሎት አቋረጥክ ትባላለህ። ዝም ብትል ጥፋትህ በሰማይ ተመዝግቦ ያድራል።

ክብርት አማቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የሁለተኛው ወገን ሊቀ መንበር ነበሩ።

ልብስ ሰፊ ነበሩ። ገና በወጣትነታቸው ባል ሞቶባቸው፣ ልጆቻቸውን ሁሉ ያሳደጉት በእግር በምትረገጥ አንዲት የስፌት መኪና ነው። መኪናዋ ከመስኮቱ ሥር፣ ከምግብ ጠረጴዛው ፊት ለፊት ቆማለች። እሳቸው እስፒል በከንፈራቸው ነክሰው እየሰፉ ይጸልያሉ፤ እስፒሉ ግን አንድ ቃል እንኳ አሳስቷቸው አያውቅም። መኪናዋ ስትሮጥ ምስጋና ነው። ቀስ ስትል ልመና ነው። ቀጥ ካለች የእኔ ተራ ደርሷል ማለት ነው።

«ጌታ ሆይ፣» ይላሉ፣ «አንተ ስድስት ቀን ሠርተህ በሰባተኛው አረፍክ። የልጄ ባል ግን ከሰባተኛው ጀምሮ፣ ይኸው እስካሁን አልተነሣም።»

እኔ ሶፋው ላይ መጽሐፍ ዘርግቻለሁ። የፍልስፍና መምህር ነኝ፤ ማሰብም ሥራ ነው ብዬ ልከራከር አፌን ስከፍት ሚስቴ በክርኗ ትጎሽመኛለች።

«ኧረ ዝም በል! እማዬ ጸሎት ላይ ናት!»

የልጅ ልጆቻቸውም አይተርፉም። አንዷ አዲሱን የትምህርት ቤት ቀሚሷን አጥር ላይ ስትንጠላጠል ቀድዳ ፍራሽ ሥር ደበቀችው። ምሳ ላይ አያቷ ማዕዱን መባረክ ጀመሩ። «ጌታ ሆይ፣ ይህን የሰጠኸንን ባርክ። ፍራሽ ሥር ያለውንም ባርክ፤ ምን እንደሆነ አንተ ታውቀዋለህ።» ልጅቷ ማንኪያዋን ጥላ ለቅሶዋን ለቀቀችው። ማታ ቀሚሱ ተሰፍቶ፣ ተተኩሶ፣ ወንበር ላይ ተንጠልጥሎ ተገኘ። ስፌቱ የቱ ጋ እንደሆነ እናቷ እንኳ ፈልጋ አላገኘችውም።

ዋናው ጉዳይ ግን አሜን ነው። ለአማቴ ጸሎት ያለ አሜን ቁልፍ ያልተተከለለት ኮት ነው። «ተከፍቶ ይቀራላ! ብርዱ ዘው ይላላ!» ይላሉ። ቤተሰቡ በሙሉ አሜን ይላል፤ እኔ አልልም። ክፋት እንዳይመስላችሁ፤ የቋንቋ ጉዳይ ነው። በእኛ ቋንቋ «አመነ» የሚባለው ምእመኑ ብቻ አይደለም፤ ዳኛ ፊት የቆመው ሌባም ነው። አሜን ካልኩ ስንፍናዬን አመንኩ። ስለዚህ ጸሎቱ ሲያልቅ «እሺ» እላለሁ።

«እሺ የሚባለው ለአሳላፊ ነው! አንተ ሰው፣ ሳልሞት አንዲት አሜን ከአፍህ ልስማ።»

«ገና ብዙ ይኖራሉ፣ እማማ።»

«አሜን! አየህ? እንዲህ ነው የሚባለው።»

ከዚያ እርጅናው መጣ። እግራቸው አበጠ። ሐኪሙ ልባቸው መድከሙን ነገረንና «መርገጫዋን ካልተዉ ብዙ አይቆዩም» አለ። ማን ሊሰማው! ልጆቻቸው ለመኑ፣ አለቀሱ። እሳቸው «ሥራ ፈትቼማ ምን ይዤ ልጸልይ?» ብለው ክራቸውን አሾለኩ። በመጨረሻ ሚስቴ መርገጫውን ከመንኮራኩሩ ጋር የሚያያይዘውን ጠፍር ፈትታ ደበቀችው። መኪናዋ ያን ቀን ዝም ብላ ዋለች። በማግስቱ ጠዋት ግን እንደ ወትሮዋ ስትሮጥ ሰማን። እኔም በዚያው ጠዋት ቀበቶዬን ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት።

በአንድ እጄ ሱሪዬን ይዤ ለቁርስ ቀረብኩ። አማቴ ዓይናቸውን ሊጨፍኑ ሲሉ ቀደምኳቸው።

«ዛሬ እኔ ልጸልይ።»

ሚስቴ ማንቆርቆሪያውን እንዳነሣች ቀረች። ሰው እንግዲህ እግዚአብሔርን አንተ፣ አማቱን እርስዎ እያለ ነው የሚኖረው፤ ያን ጠዋት ግን በእሱ ፊት አንቱ የሚባል የለም ብዬ ደፈርኩ።

«ጌታ ሆይ፣ እዚህ ቤት አንዲት ሴት አለች። አንተ እንኳ በሰባተኛው ቀን አርፈሃል፤ እሷ ግን ካንተ በልጣ ልትገኝ ነው። ቀበቶዬን ወስዳለች፤ እሱስ ይሁን። ልጆቿ ግን ሌላ እናት የላቸውም። እኔም…» እዚህ ላይ የሚወርደውን ሱሪዬን ሳብ አደረግኩ። «እኔም ሌላ የሚቆጣኝ የለኝም። መርገጫዋን እንድትተው አድርግልን።»

አንድ ዓይኔን ከፈትኩ። አማቴም በአንድ ዓይናቸው እያዩኝ ነው። ወጥመዱ ገብቷቸዋል። አሜን ካሉ አመኑ፤ ዝም ካሉ ደግሞ እሳቸው በዕድሜያቸው ጸሎት ያለ ቁልፍ ትተው አያውቁም።

«አሜን» አሉ፣ ጥርሳቸውን ነክሰው።

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። እኔም ድል አድርጌ ዳቦዬን ላነሣ ስል እጃቸውን ዘረጉ።

«ቆይ፣ አልተጨረሰም። ጌታ ሆይ፣ ይህ ሰው ጸሎት አልችልም እያለ ይህን ሁሉ ዘመን ሲሸውደን ኖረ። ለካስ ይችላል! ከእንግዲህ እንዳያቋርጥ አድርገው።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እጅ ከፍንጅ ተይዣለሁ።

«አሜን» አልኩ።

አማቴ ዓይናቸውን ገልጠው ለረጅም ጊዜ አዩኝ። «በል» አሉ፣ «ቀበቶህ መኪናዋ ላይ ነው፤ ሄደህ ፍታው።» ፈታሁት። በመቀስ ተቆርጦ፣ ከስቶ፣ አጥሮ፣ ከወገቤ ግማሽ አይደርስም።

ከዚያ ወዲያ መርገጫዋን አልነኩም። ሚስቴ ስትሰፋ አጠገቧ ተቀምጠው «አጠበብሽው፣ አሰፋሽው» እያሉ ጥቂት ዓመታት ኖሩልን። ከዚያም አረፉ። ቃሉ በቋንቋችን ሁለት ትርጉም አለው፤ አንደኛውን ቀብረናል፣ ሁለተኛውን ግን እኔ አላምንም። አማቴና ዕረፍት አይተዋወቁም።

አሁን ሶፋው ላይ እንደ ልቤ ብጋደም የሚናገረኝ የለም። ግን አይመቸኝም። አንዳንዴ መጽሐፉን ደረቴ ላይ ዘርግቼ ሳለሁ እዚያ ሰማይ ቤት ስሜ ሲነሣ ይታወቀኛል፤ ዛሬ ደግሞ አማቴ ለጌታ የሚከሱኝ ፊት ለፊት ነው። ማንም በሌለበት ክፍል «አሜን» እልና ብድግ እላለሁ።