ጋሽ አሻግሬ ያሰሩት ጾም

ከሐኪም ቀድሞ የሚደርስ ጎረቤት የሌለበት ሰፈር የለም። አቃቂ ውስጥ ለፈለቀች የደረሱላት ክቡር ጋሽ አሻግሬ ናቸው።

ጋሽ አሻግሬ ሠላሳ ዓመት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቦይለር አንድደው ጡረታ ወጡ። ከዚያ ወዲህ የማያውቁት ነገር አልተገኘም። የባለሱቁን የሀይረዲንን ሚዛን «አስተካክለውለት» ሳምንት ሙሉ ከደንበኛ ጋር ሲጨቃጨቅ ከርሟል። ፈለቀች ጡቷ ላይ ካንሰር የተገኘባት ጊዜማ በማግስቱ ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ።

«ስሚኝ ፈሉ፣ የካንሰር ሴል ዘረመሉ ሲበላሽ ስኳር በላተኛ ይሆናል። አየር እያለለት ስኳሩን ያለ አየር ያነዳል። እንዲህ ያለ ቦይለር አውቃለሁ፤ ነዳጅ ይፈጃል፣ እንፋሎቱ ለምንም አይበቃም። መፍትሔው ነዳጁን መዝጋት ነው። እኔ እሳት ያሳደግኩ ሰው ነኝ።»

ስኳሩ ቆመ። ቀጥሎ እንጀራው ተቀነሰ። የንስሐ አባቷ «ታመሻልና አትጹሚ» ብለው የፈቱላትን ጾም ጋሽ አሻግሬ መልሰው አሰሩባት፤ ያውም እስከ አሥራ አንድ ሰዓት። ፈለቀች መዳን ስለፈለገች እሺ አለች።

ለሦስተኛው ዙር የኪሞ መድኃኒት ሆስፒታል ስትሄድ ስምንት ኪሎ ቀንሳ ነበር። ዶክተር እምነት ሚዛኑን ሁለት ጊዜ አየችው።

«ስለ ሴሉ የነገሩዎት ሐሰት አይደለም። የተበላሸው ዘረመል ሆዳም አድርጎታል። ግን እርስዎ ስላልበሉ እሱ ጦሙን አያድርም። ሰውነትዎ ጡንቻውን እያፈረሰ ስኳር ይሠራል፤ እሱም ከዚያ ይበላል። የተራቡት እርስዎ ነዎት። በዚህ አቅምዎ መድኃኒቱን አልሰጥዎትም፤ ሦስት ሳምንት ይቆይ።»

«እብጠቱስ ይቆያል?»

ሐኪሟ የቀጠሮ ካርዷን ስባ መጻፍ ጀመረች። ፈለቀች ፈራች።

ልጇ ልዕልት «እኚህ ሽማግሌ ሁለተኛ እዚህ ቤት እንዳይገቡ» አለች። ጋሽ አሻግሬም ወሬው ደርሷቸው አራት ቀን ጠፉ። ፈለቀች በጣም ተናዳባቸው ነበር፤ ግን ናፈቋት። ሌላው ጠያቂ «እግዜር ይማርሽ» ይልና ስለ ሽንኩርት ዋጋ ያወራል። በሽታዋን በስሙ ጠርተው ያጫወቷት እሳቸው ብቻ ናቸው።

በአምስተኛው ቀን ፔርሙዝ ሙሉ አጥሚት ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። ልዕልት ልትመልሳቸው ስትል ፈለቀች «ተያቸው፣ ይግቡ» አለቻት።

«በደልኩሽ» አሉ ሲቀመጡ። ከፔርሙዙ በኩባያ ቀድተው አቀበሏት።

ፈለቀች አጥሚቱን ቀመሰችው። ከመድኃኒቱ ወዲህ ሁሉም ነገር ብረት ብረት ይላታል፤ አልወርድ አላት። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መሬት መሬት ያያሉ። ዝምታቸውን አልቻለችውም።

«ጋሼ፣ ሐኪሟ ስለ ጡንቻው ያለችኝ አልገባኝም። እስኪ ያስረዱኝ።»

በደንብ ገብቷት ነበር።

ጋሽ አሻግሬ ቀና አሉ። «እኔ እንደሚመስለኝ…» ብለው በፍርሃት ጀመሩ። እንደዚህ ብለው ሲጀምሩ ሰምታቸው አታውቅም። እሳቸው ሲያወሩ እሷ አንድ ጉንጭ ዋጠች፤ ደግሞ አንድ። ወደ ማብቂያው ሲጠጉ፣ ኩባያው ገና ግማሽ ስለነበር፣ ሌላ ጥያቄ ጠየቀቻቸው።