ወደ ድሬዳዋ መሄጃ ብቻ

በፈረንጅ አገር አንዴ ገዝተው ወሩን ሙሉ በፈለጉት ባቡር የሚሳፈሩበት ካርድ አለ አሉ። ሲሻህ ትሄዳለህ፣ ሲሻህ ትመለሳለህ፣ ለምን መጣህ የሚልህ የለም። ይህን ለጎረቤቴ ለብዙነሽ ስነግራት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ለልጅ ቤትም እንዲህ ያለ ካርድ ቢኖር!» እውነቷን ነው። ነገሩ ወዲህ ነው።

ብዙነሽና እኔ አዳማ ውስጥ በአንድ ግቢ ተከራይተን ስንኖር ስንት ዓመታችን። ግድግዳችን ስስ ነው፤ እሷ ስታስነጥስ እኔ ይማርሽ እላለሁ። ጆሮ ጠቢ እንዳትሉኝ፣ ወሬው ራሱ ነው እየመጣ የሚገባው። ድሬዳዋ ያገባችው ልጇ ሰናይት ወልዳ የደወለች ቀንም እንዲሁ ሰማሁ። «እማዬ፣ ነይልኝ። ከእንግዲህ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ? አብረን እንኖራለን» አለቻት። ብዙነሽ የምትይዘውን የምትጨብጠውን አጣች።

ጭንቀቱ የመጣው የባቡር ትኬት ሲቆረጥ ነው። የመሄጃውን ብቻ ትቁረጥ ወይስ የመመለሻውንም አብራ? ግቢው ሸንጎ ተቀመጠ። አከራያችን አዴ ጫልቱ፣ ሁለቱንም ቁረጪ፣ ቦታ ይጠፋል፤ ክፍልሽንም ክርስትናው እስኪያልፍ ለማንም አልሰጥብሽም አለች። የተቆጣሁት እኔ ነኝ። እናት የመመለሻ ትኬት በቦርሳዋ ይዛ ልጇ ቤት ትገባለች እንዴ? ምን፣ ለስብሰባ ነው የምትሄደው? ልጅቷ ብታየው አትቀየምም? ብዬ አፌን ሞልቼ ተናገርኩ። ብዙነሽም መስማት የፈለገችው ይህንኑ ነበር። «አየሽ፣ እሷ ይገባታል» አለቻት አዴ ጫልቱን።

የመሄጃው ብቻ ተቆረጠ። ክፍሉን አስረከበች። አልጋዋን ሸጠች፤ ቁም ሳጥኗን ለእኔ ሰጠች። ቅቤዋንና የገንፎ ዱቄቷን ታቅፋ፣ ባጃጅ ውስጥ ከዕቃ መሐል ተሸጉጣ ወደ ጣቢያ ስትሄድ እልል ያልኩላትም እኔው ነኝ።

ከዚያማ ስልክ ስደውል ሁሌ ቸኩላ ነው። ወይ ጨርቅ ልታጥብ፣ ወይ ሕፃን ልታቅፍ፣ ወይ ለአራስ ጠያቂ ገንፎ ልታገነፋ። ደስ ብሏት ነው ብዬ ተውኩት። የተወለደችው ሴት ናትና ክርስትናዋ በሰማንያ ቀኗ ሆነ። ወጡንም ጠላውንም ብዙነሽ ብቻዋን ተወጣችው። እንግዳ ተሸኘ፣ ድንኳን ፈረሰ። በማግስቱ አማቿ ከሥራ ሲመለስ ፈገግ ብሎ አንድ ወረቀት ሰጣት። የባቡር ትኬት ነው። ወደ አዳማ።

«እማማ፣ እንዳይጉላሉ ብዬ በመስኮት በኩል ያለውን ወንበር ነው የቆረጥኩልዎ» አላት።

በመስኮት በኩል! እስቲ አሁን ለዚህ ምን ይባላል? አመሰገነችው። ሌላ ምን ታድርግ? ወደ ልጇ ዞር ብትል፣ ሰናይት የሕፃኗን ካልሲ ታወልቃለች፣ መልሳ ታጠልቃለች። ቀና አላለችም።

እና መጣች። ስትሄድ መሐል ወንበር ላይ ሆና ያላየችውን የመተሐራን ሐይቅ ከጥግ እስከ ጥግ አይታ መጣች። ክፍሏ ውስጥ አዲስ ተጋቢዎች ገብተዋል። የት ትሂድ? እኔ ጋ ገባች። ፍራሽ ያነጠፍኩላት ራሷ ከሰጠችኝ ቁም ሳጥን ሥር ነው። ልብሴን የት ላድርገው ብላ ስትጠይቀኝ ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ።

ባለፈው ሳምንት ሰናይት ደወለች። እናቷ ከሄደች በኋላ የቀጠረቻት ሞግዚት ጥላት ሄዳለች፤ እሷም ሥራ ልትገባ ነው። «እማዬ፣ ነይልኝ» ስትል አሁንማ ግድግዳም የለ፣ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሰማሁ። አልሄድም ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ እቴ! የገንፎ ዱቄት መንፋት ጀመረች። እኔ ግን ከስህተቴ ተምሬያለሁና፣ እባክሽ አሁንስ ሁለቱንም ቁረጪ፣ የምትመለሺበትን ቀን አንቺው ወስኚ ብዬ ለመንኳት። እሺ ብላ ወጣች። ስትመለስ በእጇ ያለው አንድ ትኬት ነው፤ የመሄጃው።

«የመመለሻውስ?» አልኳት።

«እሱን እነሱ ይቆርጡልኛል» አለች ነጠላዋን እያጣጠፈች። «በዚህ እንኳ አይታሙም።»